«ሳንተዋወቅ በፊት ምልክቱ ነበረ» የሚባለው እንዴት ይመዘናል? (ጅማ)

ሚዛን (ክሩን የከፈተ)

የሠርግ ወቅት ሲደርስ በየድንኳኑ የምንሰማው ይመሳሰላል። «ሳንተዋወቅ ሦስት ጊዜ አንድ ባጃጅ ውስጥ ተሳፍረናል»፣ «የእናቶቻችን ስም አንድ ነው»፣ «የተዋወቅነውም ቀለበት ያሰርነውም በሚካኤል ዕለት ነው»፣ «ሲኒ ያየችልኝ ሴትዮ ስሙ በአ ይጀምራል ብላኝ ነበር»። አንዱ ይሰማና «እግዜር ሲያጣምር እንዲህ ነው» ይላል፤ ሌላው «ተዉት እቴ፣ አጋጣሚ ነው» ብሎ ያጣጥላል። ሁለቱም አይቆጥሩም። ይህ ክር መቁጠር ለሚፈልግ ነው። የራሳችሁን የፍቅር ታሪክ እዚህ አትጻፉ። የሚፈለገው አንድ ግጥምጥሞሽ ሲነገር ምን እንደሚጠየቅ፣ እንዴት እንደሚሰላና የት ላይ እንደሚበላሽ ነው።

መነሻውን ላስቀምጥ። ብዙ ሰው «ይህ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ በዚህ ፈንታ ሌላ ምን ቢገጥም እኩል ይደንቀን ነበር? የሁለት ሰዎችን ነገር አነጻጽሩ፤ የልደት ቀን፣ የእናት ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የወንድምና የእህት ስም፣ የትውልድ መንደር፣ ትምህርት ቤት፣ ቀበሌ፣ የስልክ ቁጥር መጨረሻ፣ የክርስትና ስም፣ የወላጆች የሠርግ ቀን፣ የሥራ መግቢያ ቀን። ሳትደክሙ 40 ይሞላል። እያንዳንዱ የመግጠም ዕድሉ ከ30 አንድ ብቻ ነው እንበል። ከ40ው ቢያንስ አንዱ የመግጠም ዕድል 74 በመቶ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ 29ን ለ30 ታካፍላላችሁ፣ ውጤቱን በራሱ 40 ጊዜ ታባዛላችሁ፣ የወጣውን ከ1 ትቀንሳላችሁ። 20 ነገር ብቻ ብታነጻጽሩ 49 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ከሁለት ጥንዶች አንዱ ሠርጉ ላይ የሚናገረው «ተአምር» ቢኖረው የሚጠበቅ ነው።

የስታቲስቲክስ ምሁራኑ ፐርሲ ዳያኮኒስና ፍሬድሪክ ሞስተለር እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ግጥምጥሞሽ አጠናን በጻፉት ጥናት ላይ ዋናው ሐሳብ ይኸው ነው፦ ብዛቱ በቂ ከሆነ የማይመስል የተባለው ሁሉ ይሆናል።

አጂፕ_ሰፈር

የልደቱን ነገርማ ማንም ያውቀዋል። 23 ሰው ከተሰበሰበ ልደት የሚጋሩበት ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ስለዚህ እጮኛሽ በአንቺ ቀን ቢወለድ ምኑ ይደንቃል?

ቆጣሪው

ወንድሜ አጂፕ፣ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ያዋልክበት ቦታ ግን አይደለም። 23 ሰው የሚበቃው ከመካከላቸው *ማንኛቸውም ሁለቱ* እንዲጋሩ ነው፤ ምክንያቱም 23 ሰው ውስጥ 253 ጥንድ አለ፤ ውጤቱም 50.7 በመቶ ይወጣል። *የአንተን* ልደት የሚጋራ ሰው በግማሽ ዕድል ለማግኘት ግን 253 ሌላ ሰው ያስፈልግሃል። ለአንድ የተወሰነ እጮኛ ዕድሉ ከ365 አንድ ነው፤ ይህ በእውነት ትንሽ ነው።

ግን ሰው በልኩ አይቆምም። «በአንድ ቀን ልዩነት ነው የተወለድነው!» ሲባልም ይጨበጨባል። እንደዚያ ከተፈቀደ 3 ለ365፣ ማለትም ከ122 አንድ ገደማ ሆነ። «በአንድ ወር» ከተፈቀደ ከ12 አንድ ነው። ድንበሩ ከውጤቱ በኋላ ሲሰፋ ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ «ሁለት ቀን ቢራራቅስ ትቆጥሩት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው የመታወቂያ ልደት ነው። የተወለደበትን ቀን በትክክል የማያውቅ ሰው ሲያስመዘግብ መስከረም 1 ወይም ጥር 1 ያሰኛል፤ ስለዚህ በሰነድ ላይ እነዚህ ቀኖች ያላግባብ ይበዛሉ። በመታወቂያ የተገጣጠመ ልደት እናት ካልመሰከረችበት አይቆጠርም።

ባሕረ_ሐሳብ

ቆጣሪው ያነሣው የቀን ጉዳይ ከዚህም የከፋ ችግር አለው። ሁለት ሰዎች መስከረም 1 ቀን ቢወለዱ፣ አንዱ በ1992 ሌላው በ1993 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የአንደኛው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1999፣ የሌላው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2000 ነው። ምክንያቱ ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዓመት ነው፤ 1991 ጳጉሜን 6 ስለነበረች የሚቀጥለው ዘመን መለወጫ በአንድ ቀን ተገፋ። ግፊቱ እስከ ፌብሯሪ ማብቂያ፣ በእኛ እስከ የካቲት 21 ድረስ ይቆያል። ስለዚህ በእኛ ቀን የገጠመ በፌስቡክ ላይ ላይገጥም ይችላል፤ የተገላቢጦሹም ይሆናል። ሕጉ አንድ ነው፤ ከማነጻጸራችሁ በፊት አቆጣጠር ምረጡ። ሁለቱንም ሞክሮ የገጠመውን መያዝ ዕድሉን ማብዛት ነው።

አሁን ወደ ሚካኤል ዕለት። ወር 30 ቀን ነው፤ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም እያለ እስከ 30 ይዘልቃል። ሁለት ቀኖች በአንድ ዕለት የመዋል ዕድላቸው ከ30 አንድ ነው። ነገር ግን ጥንዶች ሁለት ቀን ብቻ አያነጻጽሩም፤ የተዋወቁበት፣ ሽማግሌ የተላከበት፣ ቀለበት የታሰረበት፣ ሠርጉ፣ ያንዱ ልደት አለ። አምስት ቀን ከተነጻጸረ ቢያንስ ሁለቱ በአንድ ዕለት የመግጠም ዕድላቸው 30 በመቶ ገደማ ነው። ሦስት ከሆነ 10 በመቶ። ይህም ቀኑ በዕጣ ቢወጣ ነው። ቀለበቱን ለሚካኤል ሆን ብለው ከያዙት ደግሞ ግጥምጥሞሽ ሳይሆን ቀጠሮ ነው።

«ሠርጋችን ከወላጆቻችን ሠርግ ጋር አንድ ቀን ዋለ» የሚለውም እንዲሁ ከ365 አንድ አይደለም። የኦርቶዶክስ ሠርግ ከጥምቀት በኋላ እስከ ዓቢይ ጾም መግቢያ ይጨናነቃል። ዓቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀድሞ፣ ከመጋቢት 5 ዘግይቶ አይገባም። ጾሙ ቶሎ በገባበት ዓመት ከጥር 12 እስከ 30 ያሉት 19 ቀኖች ብቻ ናቸው። ወላጅም ልጅም በዚያች ጠባብ በር ከገቡ የመግጠም ዕድላቸው ከ19 አንድ ይሆናል።

የቅጦ_ልጅ

የባጃጁን ለእኔ ተዉልኝ።

ከጅማው መርካቶ ወደ ቅጦ ፉርዲሳ የሚሄደውን መስመር ለምሳሌ እንውሰድ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ በአንድ ሩብ ሰዓት ውስጥ፣ 20 ባጃጅ ይመላለሳል ብለን እንገምት (ቁጥሩን እናንተ ባያችሁት ለውጡት)። ሁለት ሰዎች በዚያው ሩብ ሰዓት የሚወጡ ከሆነ በአንድ ጠዋት አንድ ባጃጅ ላይ የመገናኘት ዕድላቸው ከ20 አንድ ነው። በ22 የሥራ ቀን ቢያንስ አንዴ መገናኘታቸው 68 በመቶ፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ 9.5 በመቶ ነው። ሁለት ወር ሲሞላ፣ በ44 ቀን፣ ሦስት ጊዜው ወደ 38 በመቶ ይወጣል። እንግዲህ በዚያ ሰዓት የሚሳፈሩ 10 የዕድሜ እኩዮች ቢኖሩ ከመካከላቸው ከሦስት እስከ አራቱ ጋር ሦስት ጊዜ ትገጥማላችሁ። ያገባችሁት አንዱን ነው፤ የቀሩትን ማን ያስታውሳል?

ስሌቱ የሚበላሸው ሰዓቱ ሳይጠየቅ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መግቢያ ሁለት ሰዓት ተኩል ለሁሉም አንድ ነው። ሁለቱንም የሚያስወጣቸው ያው ደወል ከሆነ «ዕጣ» የሚለው ቃል አይሠራም። ስለዚህ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ መስመሩ አንድ ነው? ሰዓቱ አንድ ነው? መነሻው አንድ ነው? ሦስቱም አዎ ከሆኑ አለመገናኘታቸው ነው የሚደንቀው። መነሻቸው ጅረን እና ቦሳ ሆኖ፣ አንዱ የሌሊት ተረኛ ሆኖ፣ ሦስት ጊዜ ከተገናኙ ያኔ ቁጭ ብለን እናወራለን።

ሐሙስ_ገበያ

በዚህ ላይ ልጨምር። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስታንሊ ሚልግራም እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ «የሚታወቁ እንግዶች» የጻፈው አለ። የባቡር ጣቢያ ተሳፋሪዎችን ፎቶ አንስቶ በኋላ ሲያሳያቸው አብዛኞቹ በቃል ተነጋግረው የማያውቁትን ቢያንስ አንድ ሰው ለዩ። ጅማ ውስጥ ይህን የሚሠራው ባቡር ሳይሆን ገበያ ነው። የሂርማታ ሐሙስ ገበያ ከዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. 1878–1932) ጀምሮ አገር የሚሰበስብ ነው። ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከዴዶ የመጣ ሁሉ በአንድ ቀን አንድ ሜዳ ላይ ይረግጣል። «የት ነው የማውቅህ?» የሚለው ስሜት ምልክት ከመባሉ በፊት ሐሙስ ሐሙስ የት እንደሚዋል ይጠየቅ።

ደግሞ የመላመድ ጉዳይ አለ። ሞርላንድና ቢች እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ሙከራ አራት ሴቶች አንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ገብተው እንዲቀመጡ አደረጉ፤ አንዷ ፈጽሞ አልገባችም፣ ሌሎቹ 5፣ 10 እና 15 ጊዜ ገቡ። ከማንም ጋር አልተነጋገሩም። በኋላ ተማሪዎቹ ፎቷቸውን ሲያዩ ብዙ ጊዜ የገባችውን አብልጠው ወደዷት። ስለዚህ አስቀድሞ መተያየት እውነተኛ ሥራ ይሠራል፤ ትዳሩን ግን አይተነብይም፣ ያለሰልሳል። ልዩነቱ ትንሽ መስሎ ከታያችሁ ደግማችሁ አንብቡት፤ አንዱ ወደፊት ያለውን ማወቅ ነው፣ ሌላው ወደፊት የሚሆነውን ማገዝ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የቅርበት ጉዳይ። ጄምስ ቦሳርድ እ.ኤ.አ. በ1932 የፊላደልፊያ 5,000 የጋብቻ ፈቃዶችን ሲያይ ከሦስት ጥንድ አንዱ ያህል ከጋብቻ በፊት በአምስት ብሎክ ርቀት ውስጥ የሚኖሩ ነበሩ። ትዳር ጎረቤት ይወዳል። የጅማ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ነው፤ የማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ተማሪዎችን በቡድን ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር ይልካል። ሁለት የቀድሞ ተማሪዎች «በተለያየ ዓመት አንድ መንደር ሄደን ነበር» ሲሉ፣ ተማሪ የሚላክባቸው ቦታዎች ስንት እንደሆኑ ሳይጠየቅ አትደነቁ።

በረካ

ሲኒ ስለሚያዩ ሴቶች ማንም አልነካም። ቡና አገር ተቀምጠን!

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከቶና ወይም ከበረካ በኋላ ሲኒው በጀበናው አተላ ይገለበጣል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ የተንጠባጠበው መስመር ይነበባል። ጥበቡ ያለው አተላው ላይ ሳይሆን ንግግሩ ላይ ነው። መጀመሪያ ሁሉን የሚመጥን ይወረወራል፦ «ሆድሽ ለሰው ይራራል፣ ግን ያመንሽው ሰው አንዴ ጎድቶሻል»። በርትራም ፎረር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ሙከራ ለ39 ተማሪዎቹ ሁሉ ያንኑ አንድ ጽሑፍ «የባሕርይህ ትንታኔ» ብሎ ሰጣቸው፤ በአማካይ ከ5 ነጥብ 4.26 ሰጡት። ቀጥሎ ሁለት አቅጣጫ ይቀመጣል፦ «መንገድ ይታየኛል፣ ወይ ትሄጃለሽ ወይ ይመጣል»። ከዚያ ፊደል። «ስሙ በአ» ማለት በአማርኛ እጅግ አትራፊ ውርርድ ነው። አበበ፣ አህመድ፣ አብዲ፣ አለማየሁ፣ አብዱ፣ አማኑኤል፣ አንዋር፣ አሸናፊ። አንድ የክፍል ስም ዝርዝር አውጡና ቁጠሩት፤ ከዚያ «በጰ ይጀምራል» የሚል ሲኒ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ ንገሩኝ።

ለመመዘን የሚፈልግ ሰው ሴትዮዋ የተናገረችውን *ሁሉ* እዚያው ይጻፍ። አንድ ሲኒ ላይ ከደርዘን ያላነሰ ነገር ይባላል፤ በዓመቱ የሚታወሰው የገጠመው አንዱ ነው።

አጂፕ_ሰፈር

ኮከብ ግን በስሌት ነው እኮ፣ እንደ ሲኒ አይደለም።

ባሕረ_ሐሳብ

ስሌት መሆኑ አይካድም፤ ስሌቱ የት እንደሚያደርስ እንይ። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ፊደሎች በቁጥር ይለወጣሉ፣ ይደመራሉ፣ በ12 ይገደፋሉ፤ የተረፈው ኮከቡ ነው። 1 ከተረፈ ሐመል፣ 2 ሰውር፣ 3 ገውዝ፣ እያለ ምንም ካልተረፈ ሑት።

የሚበላሸው የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። «ኃይሉ» በየትኛው ሀ እንደሚጻፍ ካልተስማማችሁ ሰውየው ሁለት ኮከብ ይኖረዋል። የዓለም ስም ነው ወይስ የክርስትና ስም? እናቱ «ፋንታ» ናት ወይስ «ፋንታዬ»? እያንዳንዱ ምርጫ መልሱን ይቀይራል። ኮከብ የሚቆጥረው ሰው የማይስማማ ሲወጣ «የክርስትና ስሙን አምጡ» ካለ ዕጣውን ደግሞ ጣለው ማለት ነው።

ደግሞ ድምሩ ፍጹም ልክ ቢሆን እንኳ፤ 12ቱ ኮከቦች በአራት ባሕርይ፣ በእሳት፣ በመሬት፣ በነፋስና በውሃ፣ ሦስት ሦስት ሆነው ይከፈላሉ። አንድ ባሕርይ ያላቸው ይስማማሉ፣ እሳት ከነፋስ፣ ውሃ ከመሬት ይስማማል በሚለው ከሄድን፣ በዘፈቀደ ከተያዙ ጥንዶች ግማሹ «ይስማማሉ» ይወጣል። ሳንቲም መወርወርም ያንኑ ይሰጣል፤ ወረቀትና ቀለምም ይቆጥባል።

ጅረን_ላይ

አሰላሙ አለይኩም። ከሙስሊሙ ወገን አንድ ነገር ላቅና፤ በተደጋጋሚ ስለሚሳሳት። ኢስቲኻራ (በምርጫ ጊዜ የአላህን ምሪት መለመኛ ሰላት) ሕልም መጠበቅ አይደለም። ከፈርድ (ከግዴታው ሰላት) ውጪ ሁለት ረከዓ ይሰገዳል፣ ከዚያ ዱዓው ይደረጋል። ዱዓው ውስጥ ያለው ልመና፣ ነገሩ ለዲኔና ለሕይወቴ መልካም ከሆነ አግራልኝ፣ ክፉ ከሆነ ከእኔ መልሰው የሚል ነው። ስለ ነጭ ልብስ፣ ስለ አረንጓዴ፣ ስለ ጥቁር ውሃ ሕልም ሐዲሱ ላይ የለም። ሰግዶ ሕልም አላየሁም ብሎ የተጨነቀ፣ ወይም አንድ ሕልም አይቶ ጥሩ ልጅ የመለሰ ሰው ያልተነገረውን ነው የጨመረው። ከሰገዱ በኋላ መጠየቅ፣ ማጣራት፣ ከሚያውቋት ሰዎች ጋር መማከር ይቀጥላል።

ቆጣሪው

ጅረን፣ አላህ ይስጥህ። የሕልሙን ቁጥር ላስገባ። አንድ ሕልም በኋላ ከሚሆነው ጋር በአስገራሚ ሁኔታ የመግጠም ዕድሉ ከ10,000 አንድ ብቻ ነው ብለን እንስማማ፤ ንፉግ ግምት ነው። በሌሊት አንድ ሕልም ከተቆጠረ አንድ ሰው በዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ የሚገጥም ሕልም የማየት ዕድሉ 3.6 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ቆጠራ የጅማ ከተማ ሕዝብ 120,960 ነበር። በዚያ ቁጥር ብቻ በዓመት ከ4,300 የሚበልጥ ሰው፣ ትንቢት የሚመስል ሕልም ያያል። ከእነሱ ጥቂቱ ስለ ትዳር ቢሆን ሠርጉ ሁሉ ወሬ ያገኛል።

የቅጦ_ልጅ

ዓይን ሲርገበገብስ? «የቀኝ ዓይኔ ርግብግብ ብሎ ነበር» የሚለው ሳይነሣ ክሩ እንዳይዘጋ 😄

በረካ

የዓይን ሽፋን መርገብገብ በብዛት ከድካም፣ ከእንቅልፍ ማጣት፣ ከጭንቀትና ከካፌይን ይመጣል። ጅማ ውስጥ ሦስቱን ዙር ጠጥቶ፣ በመጀመሪያ ቀጠሮ ተጨንቆ፣ ሳይተኛ ላደረ ሰው ዓይኑ ባይርገበገብ ነው የሚገርመው። ቡና ቀንሱ፣ ተኙ፤ ሳምንታት ከቆየ ወይም ጉንጭና አፍን ከጨመረ ሐኪም ይየው።

ፎቶ_ቤት

አሁን በጣም የተለመደው «የድሮ ፎቶ ላይ ከጀርባዋ እሱ ቆሞ ተገኘ» ነው። ብዙዎቹ በአንድ ደቂቃ ምርመራ ይፈርሳሉ፤ ጥቂቱ አይፈርስም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

የታተመ የድሮ ፎቶ ከሆነ ጥጉ ላይ ያለችው ብርቱካናማ ቁጥር የካሜራው ናት፤ በፈረንጅ ነው የምትቆጥረው። «97 1 19» ማለት ጃንዋሪ 19 ቀን 1997፣ በእኛ ጥር 11 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው፤ ጥምቀት። «97» ን አይቶ 1997 ዓ.ም. ያለ ሰው ስምንት ዓመት ስቷል፤ ልጁ በዚያን ጊዜ ጅማ መኖሩም አለመኖሩም በዚያው ይገለበጣል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። ስቱዲዮ ከኋላ የመታው ማኅተም ግን አብዛኛውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ነው። ባትሪው አልቆ የተቀየረ ካሜራ ቀኑን ከመጀመሪያ ስለሚጀምር ቁጥሯን ብቻ አትመኑ፤ ልብሱን፣ የግድግዳ ማስታወቂያውን፣ ያልተሠራውን ሕንፃ እዩ።

የስልክ ፎቶ ከሆነ መጀመሪያ የተነሣበትን ፋይል ጠይቁ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል የተነሣበትን ቀንና ቦታ መረጃ ይጥላል፤ እንደ ፋይል ከተላከ ይዞት ይመጣል። ሰዓቱ ላይ ስድስት ሰዓት ማስላት አትርሱ፤ ስልኩ 14፡30 ካለ በእኛ ከቀኑ 8፡30 ነው።

ከዚያ የፊቱ ጉዳይ። ከጀርባ ያለው ሰው ደብዛዛ ከሆነ ሁለቱን ስም ለማያውቅ ሦስተኛ ሰው ከሌሎች አምስት የሰዎች ፎቶ ጋር ቀላቅላችሁ አሳዩት። «ይሄ እሱ ነው አይደል?» ብሎ መጠየቅ መልሱን መስጠት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ፤ ግጥምጥሞሽ ይፈበረካል። ማኅበራዊ ገጻችሁ ላይ የእናታችሁ ስም፣ የተማራችሁበት፣ የምትወዱት ዘፋኝ፣ ባለፈው ዓመት የሄዳችሁበት ሁሉ ተዘርግቷል። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ነገር «የገጠመለት» የማታውቁት ሰው ገጻችሁን አንብቦ ሊሆን ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ የትም ያልጻፋችሁትን ነገር ጠይቁ፣ መጀመሪያ እሱ እንዲናገር አድርጉ። «አንተስ አያትህ ስማቸው ማነው?» ብላችሁ የራሳችሁን ሳትናገሩ ጠብቁ። ሁልጊዜ «አንቺ ቅደሚ» የሚል ከሆነና ብር ወደመላክ ካመራ ነገሩ ትዳር አይደለም።

ሰባት_ቤት

እስካሁን ያላችሁት ሁሉ «ምልክት አይደለም» ለማለት ነው። እኔ ደግሞ ምልክት የሆነውን ላሳያችሁ፤ ምልክትነቱ ለሌላ ነገር ነው።

«የአያቶቻችን ስም አንድ ሆኖ ተገኘ»፣ «አያቱና አያቴ ከአንድ መንደር መጥተው ነው ጅማ የሰፈሩት»፣ «ፊታችን ይመሳሰላል ይሉናል»። እነዚህ ሲሰሙ ማጨብጨብ ሳይሆን ቁጥር መጀመር ነው። ዝምድና ራሱን የሚገልጠው እንደዚህ ነው።

ሰባት ቤት ሲቆጠር ብዙ ጊዜ የአባት መስመር ብቻ ይነሣል፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ ሰባት ስም። ነገር ግን ወደ ላይ ስትወጡ ወላጅ 2፣ አያት 4፣ ቅድመ አያት 8 ይሆንና ሰባተኛው ላይ 128 ይደርሳል፤ ሁሉም ሲደመር 254 ሰው ነው። ሰባት ስም ጠርቶ «ቆጥረናል» ያለ ቤተሰብ ከ254ቱ 7ቱን ነው ያየው። ሁሉን ማግኘት አይቻልም። የሚቻለው የአራቱን አያቶች መስመር፣ የአባት አባት፣ የአባት እናት፣ የእናት አባት፣ የእናት እናት፣ እያንዳንዱን እስከተቻለ መውጣት ነው። ለየስሙ ሦስት ነገር ይጻፍ፤ ስም ከነአባት፣ የትውልድ ቦታ፣ ጎሳ ካለ ጎሳ። ስም ብቻ አይበቃም፤ የስም መግጠም ብቻውን ደካማ ማስረጃ ነው፣ ስምና መንደር ሲገጥም ግን ጠንካራ ነው። ቆጠራው ከራስ ወይስ ከአባት እንደሚጀምር ሽማግሌዎቹ ቀድመው ይስማሙ፤ ያለዚያ አንዱ ወገን ስድስት ሲል ሌላው ሰባት ይላል። በኦርቶዶክሱ የክርስትና አባትና እናት ዝምድናም ይጠየቅ።

የሚረሳው ግን ይህ ነው፦ «እናቶቻችን ጎረቤት ነበሩ፣ በአንድ ዓመት ነው የወለዱን»። ድንኳን ውስጥ ሲነገር እንዴት ደስ ይላል! በእስልምና ግን የጡት ዝምድና እንደ ሥጋ ዝምድና ጋብቻን ይከለክላል። አንዷ እናት ታማ ወይም ገበያ ሄዳ ጎረቤቷ ሕፃኑን አጥብታው ቢሆንስ? በሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ትምህርት መንገድ) በሁለት ዓመት ዕድሜ ውስጥ አምስት ጊዜ ጠግቦ መጥባት ዝምድናውን ያጸናል፤ ሌሎች መዝሀቦች ቁጥሩን በሌላ መንገድ ያዩታል። ስለዚህ ይህ ግጥምጥሞሽ ሲነገር የሚጠየቁት እናቶቹ ናቸው፣ በሕይወት ሳሉ፣ ከኒካህ በፊት፤ ውሳኔው የዓሊሞቹ ነው።

ጅረን_ላይ

ወላሂ ይህቺ የመጨረሻዋ ብቻዋን ክር ይገባታል። ኒካህ ከታሰረ በኋላ አክስት «እኔ እኮ ነኝ ያጠባሁት» ስትል የሚፈርሰው ነገር ብዙ ነው። ጥያቄው ሽማግሌ በሚላክበት ቀን ይካተት።

ሐሙስ_ገበያ

ሚዛን፣ «የእናቶቻችን ስም አንድ ነው» የሚለውን መጀመሪያ ላይ አንሥተህ ሳትመልስ ቀርተሃል።

ሚዛን

ስሌቱ ይህ ነው። የእያንዳንዱን ስም ድርሻ በራሱ አባዝተህ ትደምራለህ። አሥር የተለመዱ ስሞች እያንዳንዳቸው 5 በመቶ እናቶች ቢኖሯቸው፣ 0.05 ሲባዛ በ0.05 ማለት 0.0025፣ አሥር ጊዜ 0.025፤ ከ40 አንድ። የቀሩት ብርቅ ስሞች ብዙ አይጨምሩም። ግን ይህ ከተማው ሁሉ ከተደባለቀ ነው። ሰው የሚያገባው በብዛት ከሃይማኖቱ፣ ከዕድሜ እኩያው ነው፤ ስምም በሃይማኖትና በዘመን ይሰበሰባል። አብዮት የሚባሉ ሰዎች መቼ እንደተወለዱ መጠየቅ አያስፈልግም። በዚያ ጠባብ ክበብ ውስጥ ከ40 አንዱ ከ20 አንድ ሊሆን ይችላል። «ስማቸው የሚመሳሰል ይጋባሉ» የሚለው ጥናትም የተተቸው በዚሁ ነው፤ ኡሪ ሲሞንሶን እ.ኤ.አ. በ2011 ስምና ትዳር አብረው የሚሄዱት ሁለቱም ከዘርና ከዕድሜ ስለሚመነጩ መሆኑን አሳየ።

አጂፕ_ሰፈር

እሺ፣ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው የምትቆጥሩት። አሁን ምልክት አየሁ የሚል ሰው፣ ገና ያላገባ፣ ምን ያድርግ?

ቆጣሪው

ይጻፈው፣ ዛሬ። ለራሱ ኢሜይል ይላክ፤ የተላከ ኢሜይል ቀኑ አይቀየርም፣ ቃሉም አይታረምም። ደብተር ከሆነ ገጹ በቁጥር የታሰረ ይሁን፣ እርሳስ አይሆንም። አምስት ነገር ይገባል፤ ምን ሆነ፣ መቼና የት፣ ምን ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፣ እስከ መቼ፣ ምን ካልሆነ «ስቷል» እላለሁ። የመጨረሻዋ ከሌለች ቀሪው ዋጋ የለውም፤ «አንድ ቀን ጥሩ ሰው አገኛለሁ» የማይስት ትንቢት ነው።

ለምን ቀድሞ ይጻፋል? ባሩክ ፊሽሆፍና ሩት ቤይት እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ ኒክሰን ወደ ቤጂንግና ሞስኮ ከመሄዱ በፊት ሰዎች ምን እንደሚሆን ግምታቸውን በመቶኛ ጻፉ። ጉዞው ካለፈ በኋላ የጻፉትን አስታውሱ ሲባሉ፣ ለሆነው ነገር ከጻፉት የበለጠ ሰጥተን ነበር አሉ። አልዋሹም፤ ትዝታቸው ነው የተጠገነው። «ገና ሳየው አውቄ ነበር» የሚለውም እንዲህ ይሠራል። ደግሞ የሳቱትንም ይጻፍ። ምልክት ታይቶባቸው ያልሆኑት ሰዎች ዝርዝር ካልተያዘ የሆነው አንዱ ከስንት አንድ እንደሆነ አይታወቅም።

ባሕረ_ሐሳብ

ደብተሩ ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ፣ ሰዓቱንም «ከጠዋቱ» ወይም «ከምሽቱ» ብለው። ያለዚያ በሁለት ዓመታቸው ፎቶ_ቤት ያለው ችግር ይጀምራቸዋል።

የቅጦ_ልጅ

የባጃጁን ስሌት በራሱ መስመር መሞከር የሚፈልግ ካለ የሚያስፈልገው ሁለት ቁጥር ነው፤ በሩብ ሰዓት የሚያልፈው ባጃጅና የቀኑ ብዛት። ሦስት ጠዋት ቆማችሁ ቁጠሩና አማካዩን እዚህ ጻፉ፤ አሰላላችኋለሁ። ሐሙስን አትቁጠሩ፤ ገበያው ያበላሸዋል።